ቋጠሮው ሳይፈታ እጃቸውን የማያወጡት ሴት

እትዬ አጸደ ሞቱ የሚል ወሬ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። የመጀመሪያው በፌስቡክ ነው። ፎቶግራፋቸው አጠገብ ሻማ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ስንቱ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፎበት አየሁ። ደንግጬ ከስልኬ ቀና ስል፣ እሳቸው ከሱቄ ፊት ለፊት ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ከአንዲት ባላገር ጋር በሱፍ ይከራከራሉ። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ነው። እሱን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ በስልክም አይደለም፣ በእግሯ መጥታ። ያን ጊዜም እንደ ልማዴ ቀና ብዬ አየሁ። ጆንያው ነበረ፤ እሳቸው አልነበሩም።

እኔ የትምህርት ሰው አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር አልተስማማንም፤ እሱ እዚያው ቀረ፣ እኔ ወደ በግ ንግድ ገባሁ። ከራቤል ገበያ ገዝቼ ደብረ ብርሃን ስሸጥ ኖሬ፣ ጉልበቴ ሲለግም ሞባይል ቤት ከፈትኩ። ስልክ እሸጣለሁ፣ የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም እጭናለሁ። የከተማችንን ስም አልጽፈውም። መንዝ ውስጥ ናት፣ ብርድ አላት፣ ቅዳሜ ገበያ አላት፤ ይበቃል። ምክር ቤቷን ላማት ስለሆነ ነው፤ ገና እነግድባታለሁ።

እትዬ አጸደ ከባላገር ሴቶች የተፈተለ ሱፍ እየገዙ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ይሸጡ ነበር። አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የመነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በጥቁር ክር ከጆሯቸው ጋር ታስሯል። "እትዬ፣ ደብረ ብርሃን ስወርድ አዲስ ላምጣልዎት?" ስላቸው፣ "ተወው፤ ይሄኛው ለምዶኛል። አዲሱን እንደገና ማስተማር ነው" ይሉኛል።

ሱፍ ሲገዙ ማየት ለእኔ ትምህርት ቤት ነበር። ልቃቂቱን ከላይ አያዩትም። አውራ ጣታቸውን ወደ ልቡ ይሰዱታል። አንዳንዷ ብልጥ ከላይ የጠራውን ክር ትጠቀልልና ከውስጥ ሻካራውን፣ አንዳንዴም ውኃ የጠጣውን ትደብቃለች። ጣታቸው እሱን ካገኘ ወዲያ መሸሻ የለም።

"እህት ዓለም፣ ከላይ ለሰው፣ ከውስጥ ለአህያ ነው የፈተልሽው?"

ሴትዮዋ ታፍራለች፤ ጎረቤቶቿ ይስቃሉ፤ እሳቸው ግን ሳያዋርዱ የውስጡን በውስጡ ዋጋ፣ የላዩን በላዩ ዋጋ ይገዟታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺው ሴት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክር ይዛ ትመጣለች። እኛም በግ ስንገዛ እጃችንን ጸጉሩ ውስጥ አስገብተን ሽንጡን እንዳብሳለን፤ የመንዝ በግ በክረምት ጸጉሩ ብቻውን አንድ ሌላ በግ ያህላል። እንደ እሳቸው ግን ነገር ሁሉ ላይ፣ ስብከት ላይ ሳይቀር፣ ጣቱን የሚሰድ ሰው አላየሁም።

የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆኑት በእኛ በቀበሌው ሰዎች ጥፋት ነው። የውኃ ቦኖ ስብሰባ ላይ ጥያቄ እያበዙ ሲያስቸግሩን፣ "እትዬ፣ ይሄን ጥያቄ ትልቁ ቦታ ሄደው ይጠይቁት" ብለን መረጥናቸው። የተገላገልን መስሎን ነበር። እሳቸው ደግሞ እውነት መስሏቸው ሄዱና ጠየቁ። እዚያ "እትዬ ቆይ" የሚል ስም ወጣላቸው። አፈ ጉባኤው "የሚደግፍ እጁን ያውጣ" ሲል ሌላው እጅ እንደ ገብስ ማሳ ብድግ ይላል፤ ከመሐል አንዲት ቀጭን ድምፅ "ቆይ" ትላለች።

ፊደል ያውቃሉ። በወጣትነታቸው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ተምረዋል። ነገር ግን "የመንግሥት ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ እንደ ጤፍ ይበተንብኛል" ስለሚሉ፣ ስብሰባ በደረሰ ቁጥር ረቂቁን ለእኔ ያመጡልኛል። የማንበቢያ ዋጋዬ ምርቃት ነበር። ምርቃቱን ደግሞ እጅ በእጅ ነው የሚሰጡት፤ ነገ ዛሬ የለም።

ስናነብ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከልቃቂት ላይ ነጭ ክር ይስቡና እኔ አንድ አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ስንዝር ይለካሉ። የገባቸውና የተስማማቸው ከሆነ ጣታቸው ያልፋል። ካልሆነ ቋጠሮ ያስሩበታል። ስብሰባው ላይ ክሩን ጉያቸው ውስጥ ይዘው በጣታቸው እየዳበሱ፣ የትኛው አንቀጽ ላይ ጥያቄ እንዳላቸው ያውቃሉ። መልስ ሲያገኙ ቋጠሮውን ይፈታሉ። "ቋጠሮ ይዤ እጄን አላወጣም" ይሉ ነበር። "እጅ አንዴ ከወጣ ወዲያ የሚወርደው በሌላው ሰው ራስ ላይ ነው።"

አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሳሳ፣ አንድ ረቂቅ ይዘው መጡና ባለ ሦስት እግር ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ።

"ሕፃናትን በኢንተርኔትና በስልክ ከሚደርስባቸው ጉዳት ለመጠበቅ የወጣ ደንብ" ብዬ ጀመርኩ።

"ስሙ መልካም ነው" አሉ። "ስም ግን የልቃቂቱ ላይኛው ነው። ግባ ወደ ውስጥ።"

ገባሁ። አንደኛው ትርጓሜ ነበር፤ ሁለተኛው ስለ ወላጆች፤ ሦስተኛው ስለ ትምህርት ቤቶች። አራተኛው ላይ ቋጠሮ፣ አምስተኛው ላይ ማለፍ። ስድስትን ጨርሼ ምራቄን ዋጥ አደረግሁና "አንቀጽ ስምንት" አልኩ።

"ሰባት ወዴት ሄደ?"

"ከስድስት ጋር ተያይዞ ነው፣ እትዬ።"

ክሩን ዘርግተው አሳዩኝ። "ስድስት ስንዝር ነው የያዝኩት። አንተ ስምንት ገብተሃል። በግ ስትቆጥርም እንዲህ ትዘላለህ?"

"ኧረ በግ ስቆጥርስ እደግማለሁ እንጂ አልዘልም።"

"እንግዲያው ሰባትንም ድገምልኝ።"

ሰባት የምትለው፣ ሞባይል ቤቶች ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፊልምና ቪዲዮ እንዳይጭኑ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አመመኝ።

"ይቺ ገብታኛለች፤ ቋጠሮ አያስፈልጋትም" አሉና ጣታቸው አለፈ። "ላንተ ትንሽ ትጠብብሃለች። ከታጠበች በኋላ ትሰፋለች፣ ቻላት።"

በዚህ ሳቅ ውስጥ እያለን ነው አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ የደረስነው። ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ ደጋግመው ስላስነበቡኝ። ጉዳት የደረሰበት ሕፃን ወይም ወላጁ፣ ስሙንና አድራሻውን ጠቅሶ፣ ጉዳት ያስከተለውን ምስል ወይም ጽሑፍ አያይዞ፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመለክታል ይላል።

እኔ ምንም አልታየኝም። አያይዞ ማመልከት የሀገሩ ወግ ነው፤ መታወቂያ ለማደስም ሰው አንዳንድ ነገር ያያይዛል። እሳቸው ግን ክሩን አጥብቀው አሰሩት። አንዴ አሰሩ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ደገሙ። የሳቁ ፊታቸው ሄደ።

"አንዲት ልጅ አለች" አሉ። "ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ክር ልግዛ ብላ መጣች። ክር የማትገዛ መሆኗን በእጇ አወቅሁባት፤ ልቃቂቱን እንደ ትኩስ ድንች ነው የያዘችው። ሰው እስኪያልፍ ጠበቅሁላት። አንድ ጎልማሳ በስልክ ወዳጅ መስሎ ፎቶ አስላካት። አሁን ያልኩሽን ካላደረግሽ ፎቶሽን ለከተማው እበትነዋለሁ ይላታል። ትምህርቷን ጥላ ልትጠፋ ነው፤ ልብሷንም ቋጥራለች።"

"የማን ልጅ ናት?" አልኩ ሳላስበው። ነጋዴ ነኝ፤ ወሬም ዕቃ ነው።

"የሰው።"

"ሰውየውስ?"

"እሱን ሰው አትበለው፤ ግን ይገኛል።" ክሩን ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱት። "ይሄ ደንብ ይመጣል ሲሉኝ ደስ ብሎኝ፣ ጥቂት ታገሺ፣ ሕግ እየመጣልሽ ነው ብያታለሁ። አሁን የመጣላት ሕግ፣ ፎቶውን ይዘሽ ቀበሌ ነይ ይላታል። ምን ብዬ ልንገራት?"

ምርቃቱን ያን ቀን ረሱት። እኔም አላስታወስኳቸውም።

የስብሰባው ዕለት እኛንም ሞባይል ቤቶችን ጠሩን። "ባለድርሻ አካላት" የሚል ወረቀት ደረሰን። እስከዚያ ቀን ድረስ ነጋዴ ብቻ መስዬ ነበር የምኖረው። አዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ የታሸገ ውኃ ይዤ ተቀመጥኩ። ረቂቁ ተነበበ። ማንም ምንም አላለም። ደግሞስ ማን ይላል? ርዕሱ ላይ "ሕፃናትን ለመጠበቅ" ተብሎ ተጽፎ፣ እኔ አልደግፍም ብሎ ቤቱ የሚገባ ማን ነው? ሚስቱስ ምን ትለዋለች?

"የሚደግፍ" አለ አፈ ጉባኤው።

"ቆይ" አሉ እትዬ አጸደ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ከእኔ ጎን ያለው ሰውዬ "ምሳችን ቀዘቀዘ" ብሎ አጉተመተመ። እሳቸው ተነሥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የማላውቀውን ልጠይቅ። አያይዞ ማለት ምን ማለት ነው?"

ደንቡን ያረቀቀው ወጣት የሕግ ባለሙያ ተነሣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክራቫቱ ግን ገና አልለመደውም ነበር። "ከማመልከቻው ጋር አብሮ ማቅረብ ማለት ነው፣ እናቴ።"

"ፎቶውንም?"

"ማስረጃ ስለሆነ፣ አዎ።"

"ለማን ነው የምትሰጠው?"

"ለቀበሌው መዝገብ ቤት።"

"መዝገብ ቤት ማን አለ?"

ልጁ ወረቀቱን አገላበጠ። ከወዲያ በኩል አንዱ "ደረሰ!" ብሎ መለሰለት፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደረሰ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጠዋት ያየውን ሳይናገር ምሳ አይወርድለትም። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

"ከደረሰ በኋላስ?"

"ለሥራ አስኪያጁ ይመራል።"

"ከዚያስ?"

"ለማኅበራዊ ዘርፍ… ከዚያ ለፖሊስ… ፖሊስ ለዐቃቤ ሕግ።"

በጣታቸው ሲቆጥሩ አይቻለሁ። ቆጥረው ሲጨርሱ እጃቸውን ዘረጉ። "ደረሰን ጨምሮ አምስት። ፋይሉን ተሸክሞ የሚዞረው ተላላኪ ስድስት። ልጅቷ አንድ ሰው አየብኝ ብላ እያለቀሰች ስትመጣ፣ እኛ ስድስት ሰው እንጨምርላታለን ማለት ነው?"

ሳቁ ቆመ። ምሳው የቀዘቀዘበት ሰውዬ እንኳ ቀና አለ።

"አባቶቻችን" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በሬ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ነገሩን የሚያውቅ ሰው አደባባይ አይወጣም፤ ለተመረጠው ሰው በጆሮው ሹክ ይለዋል። ያንን ሰው ወፍ ይሉታል። ወፏ ያመጣችውን ለዳኞች ታደርሳለች፤ ማን ነገረሽ አትባልም። ለበሬ ወፍ የነበረን ሰዎች ለልጅ እንጣ?"

አፈ ጉባኤው ሰዓቱን አየ። "እትዬ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በማስፈጸሚያ መመሪያ ይስተካከላል። ዛሬ ማጽደቅ አለብን። የሚደግፍ?"

የገብሱ ማሳ ተነሣ። ከሳቁት ውስጥ፣ ከደነገጡትም ውስጥ፣ አንድ የቀረ እጅ የለም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን ኖሮ የማወጣ ይመስለኛል።

"የሚቃወም?"

አንዲት ቀጭን እጅ ወጣች። ክሩ ከመዳፏ ላይ ተንጠልጥሏል።

አስቂኙ ነገር፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብሎ ጽፎት ኖሯል። ማስመሪያ ተፈልጎ እስኪሰረዝ ድረስ እትዬ አጸደ እጃቸውን ሳያወርዱ ቆሙ። "ይጻፍልኝ" አሉ። "ደክሞኛል፤ ግን ሲጻፍ ልየው።"

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ገባ። ሲገባም ተበላሽቶ ነው። ስድስቱ ሰው፣ ወፏ፣ አውጫጭኙ መንገድ ላይ ተንጠባጥበው ቀሩና፣ "እትዬ አጸደ ልጆች እንዳይጠበቁ ተቃወሙ" የምትለዋ ብቻ ደረሰች። የሱፍ ደንበኞቻቸው ፊት አዞሩባቸው። አንዲት ሴት በፊታቸው ተፋች። ቢናገሩ በአንድ ቃል ነፃ ይወጡ ነበር፤ "አንዲት ልጅ አለች" ቢሉ። ይቺን ቃል ግን ከእኔ ሌላ የሰማት የለም። እኔን የመረጡኝም ምስጢር ስለምጠብቅ አይመስለኝም፤ ስለማነብ ነው። "አንተ" አሉኝ አንድ ቀን፣ "አፍህ ቢበላህ በርበሬ ቃምበት።"

ፌስቡክ ላይ ሻማው የተለጠፈው ያን ሰሞን ነው። የለጠፈው ሰው "ለልጆቻችን ግድ የሌላቸው፣ በቁማቸው የሞቱ እናት" ብሎ ሊሰድባቸው ነበር፤ አንባቢ ግን ሻማና ፎቶ ካየ ሌላውን አያነብም። ወሬው ቀየት ወደሚባለው የዘመዶቻቸው አገር ደረሰ። ቀየት ደግሞ የአክስታቸው ልጅ አሉ፤ በሙሾ አውራጅነት የታወቁ፣ እትዬ በለጡ የሚባሉ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ ገበያ መሐል ወረደ። እትዬ በለጡ ከፊት ደረታቸውን እየደቁ፦

"ፈትሉን ማን ያማርጥ፣ ክሩን ማን ያውጣ፣
አጸደን የሚያህል ከገበያ ሲታጣ!"

እያሉ ሲመጡ፣ አጸደ ጆንያቸው ላይ ሆነው ሱፍ ይበጥራሉ። ሙሾዋ አፍ ላይ ቀረች። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አማተቡ።

"በሉ ተቀመጡ" አሉ እትዬ አጸደ ሳይነሡ። "ሰው ለለቅሶ መጥቶ ሳይቀምስ አይሄድም። ማን ማን ነው የቀረው?"

"ኧረ አንቺ ሴት!" እትዬ በለጡ ላብ በላብ ሆነዋል። "ሞተሻል ብለውኝ እኮ ነው!"

"አንብበሽ ነው?"

"ፎቶሽን አይቼ!"

"እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንቺም ሳትጠይቂ እጅሽን አወጣሽ።" ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ይሄን የሚያደርጉት ሊስቁ ሲሉ ብቻ ነው። "እስቲ ሙሾውን ከመጀመሪያው በይው።"

እትዬ በለጡ እየተሽኮረመሙ አሉት። እትዬ አጸደ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ግጥሙ ደህና ነው። ግን እኔ ክር አላወጣም፤ የሚያወጡት ፈታዮቹ ናቸው። እኔ የምመረምር ሰው ነኝ። ለዋናው ቀን አሻሽይው።"

ገበያው በሳቅ ተንከተከተ። ፊት ያዞሩባቸው ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ሰው ካሳቀው ሰው ጋር ብዙ መኳረፍ አይችልም፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ልቃቂት ተሸጠ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከሳቂዎቹ ኋላ ቆሞ የነበረው ሰው ነው። ያ ወጣት የሕግ ባለሙያ ክራቫቱን ኪሱ ከቶ፣ ረቂቁን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ሕዝቡ ሲበተን ቀርቦ አጎነበሰ።

"እናቴ፣ ስድስቱን ሰው ስቆጥር እንቅልፍ አጣሁ። እኔ የተማርኩት ማስረጃ እንዴት እንደሚያዝ ነው፤ ማን እንደሚያየው ሳልጠይቅ ጻፍኩት። ክሩ አለ?"

"የት ይሄዳል።"

ጆንያው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ቅዳሜ እዚያው ጆንያ ላይ ሕግ ሲሠራ አየሁ። ልጁ ያነብባል፣ እሳቸው ክሩን ይዳብሳሉ። አንዳንዴ የሱፍ ሻጮቹም ጣልቃ ይገባሉ። "ለእናቷ ይነገር" ትላለች አንዷ፤ "እናቷ ክፉ ብትሆንስ?" ትላለች ሌላዋ፤ ልጁ ይሰርዛል፣ ይጽፋል። የእኔንም ሱቅ እያዩ "ይሄ ሰውዬስ ለልጆቹ ምን ይጭናል?" ሲሉ እሰማለሁ። ያን ሰሞን ዘፈን ብቻ ጫንኩ፤ እሱንም መዝሙር እየቀላቀልኩ።

ማሻሻያው ምክር ቤት ሲቀርብ አሁንም ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ማንም ሳይጠራኝ። አንቀጽ አሥራ አንድ ተለውጧል። ልጅ ለሚያምነው ለማንም አዋቂ ሰው መናገር ይችላል። ያ ሰው በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ቀበሌ የለም፣ መዝገብ ቤት የለም። የልጁ ስም በታሸገ ፖስታ ሆኖ ከአንድ ሰው እጅ አይወጣም። ምስል አምጣ ተብሎ ማንም አይጠየቅም፤ ከአጥፊው ስልክ ላይ መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው። ወጣቱ አንብቦ ሲጨርስ ወደ አፈ ጉባኤው አላየም፤ ወደ እትዬ አጸደ ነው ያየው።

እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ። ድርቡን ቋጠሮ በጥርሳቸው ይዘው ይታገላሉ። አዳራሹ በሙሉ ይጠብቃል። አፈ ጉባኤው "የሚደግፍ" አላለም፤ ተምሮ ነበር። በመጨረሻ ክሩን በሁለት እጃቸው ዘርግተው አዩትና፣ "ተፈታ" አሉ። እጃቸው ወጣች። ከእሳቸው በኋላ የገብሱ ማሳ ተነሣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ የጻፈው ካየ በኋላ ነው።

ሲወጡ ክሩን ለእኔ ሰጡኝ። ቋጠሮ የነበረባቸው ቦታዎች አሁንም ጠምዘዝ ብለዋል፤ ሰባተኛው ስንዝር ግን ቀጥ ያለ ነው። "ስቀላት" አሉኝ፤ "እንዳትዘላት።" ሱቄ በር ላይ ተሰቅላለች። ልጆች ፊልም ጫንልን እያሉ ሲመጡ ወደ እሷ እጠቁማለሁ። ምን እንደሆነች አያውቁም፤ ግን አባቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ስለ ሰውየው የማውቀው ጥቂት ነው። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ሁለት ፖሊሶች ከአውቶቡስ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አወረዱ፤ ስልኩንም ወሰዱ። ገበያው ወዲያው በግ ሰርቆ ነው አለ። ቀለሙ ነጭ ነው ያለ አለ፣ ላቱን ያየ አለ። እትዬ አጸደ ሰሙና፣ "አዎ፣ የሰው በግ ነው" ብለው ሱፋቸውን መበጠር ቀጠሉ። ሰኔ ላይ ደግሞ፣ ዝናብ ሸራዬ ሥር አስጠግቷቸው ቆመን ሳለ፣ ድንገት፣

"ያቺ ልጅ ፈተናዋን ተፈተነች" አሉ።

"ለመሆኑ…" ብዬ ልጀምር ስል ጣታቸውን አነሡ።

"የሰው ልጅ ናት ብዬህ የለም?"

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ ዋናው ቀን መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሰው ሞላው። የምክር ቤቱ ሰዎች መጡ፤ ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ክራቫት አስሮ መጣ፣ አሁን ለምዶታል። ደረሰ እንኳ አንድ ቃል ሳይናገር ቆሞ አየሁት። ከቀየት እትዬ በለጡ መጡ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፦

"ፈትሉን ማን ያማርጥ፣ ውስጡን ማን ይመርምር፣
አጸደ ገባችበት የማትፈታው አፈር"

አሉ። የተሻሻለው ነበር። ሰው እያለቀሰ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ከአጥሩ በኩል ወጣት ሴቶች ገቡ። ብዙ ናቸው። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች አሉ፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ አሉ፣ አንዷ ልጅ አዝላለች። ዓይኔ እንደ ልማዱ ሥራ ጀመረ። ይቺ ከሁሉ ይበልጥ ታለቅሳለች። ያቺ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ያቺኛዋ ለምን ብቻዋን ቆመች? ሞባይል ቤት ያለው ሰው የከተማውን ልጅ ሁሉ በስልኩ ያውቀዋል፤ ጥቂት ባያቸው፣ አንዴ ብቻ ዞር ብዬ ባያቸው፣ ያቺን ልጅ አገኛት ነበር።

የማን ልጅ ናት?

የሰው።

ቆቤን አወለቅሁና ዓይኔን አፈሩ ላይ ጣልኩ። ቄሱ "እግዚአብሔር ይፍታ" ሲሉም አላነሣሁትም። የሴቶቹ ጫማ በፊቴ አንድ በአንድ አለፈ፤ ጭቃ የያዘ፣ አዲስ፣ የተጠገነ። ቀና ያልኩት ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው።